ሲፓፕ ማሽን ለዓመታት ሲደረግ ለጤና ምን ያመጣል? አባቷን በተመለከተ ለጠየቀችን እህት

ሰላም እህቴ። እንደጻፍሽው አባትሽ የ61 ዓመት የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ በእንቅልፍ ምርመራ ትንፋሻቸው በሰዓት 38 ጊዜ ሲቋረጥ ታይቶ ሲፓፕ (ሌሊት በማስክ በኩል አየር የሚነፋ ማሽን) ታዘዘላቸው። እሳቸው ግን «ዕድሜ ልኬን ፊቴ ላይ አስሬ የምተኛው ለምን ጥቅም ነው? ልቤንስ ያድነዋል ወይ?» ብለዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በመጀመሪያ ግን በሰዓት ከ5 እስከ 15 መቋረጥ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ስለሚባል 38 በቸልታ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

ማሽኑ በሽታውን፣ ማለትም ስሊፕ አፕኒያ የሚባለውን በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ፣ አይነቅለውም። ስንተኛ የሚላላውን ጉሮሮ በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዘዋል እንጂ። ለሁለት ሳምንት ብቻ እንዲያቆሙ የተደረጉ ሰዎች ላይ የትንፋሽ መቋረጡም የቀን እንቅልፉም ተመልሷል፤ የጠዋት የደም ግፊታቸውም ጨምሯል። «ዕድሜ ልክ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የተረጋገጠው ጥቅም ቀን ላይ የሚጥለውን እንቅልፍ ማስወገዱ ነው። ብዙዎች ለውጡን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያዩታል። መሪ ይዘው ለሚውሉ ሰው ከልብ ጥያቄ በፊት የሚመጣው ይህ ነው፤ በመኪና አደጋ ላይ ያለው ጥቅምም የሚታይ ነው። እስኪሻላቸው ድረስ እያንቀላፉ እንዳይነዱ አደራ።

የደም ግፊትን በአማካይ የሚቀንሰው ከ2 እስከ 3 ነጥብ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሌሊት ሌሊት ለዓመታት የሚቆይ ቅናሽ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ወስደው ግፊታቸው እምቢ ባላቸው 194 ሰዎች ላይ በስፔን ተሠርቶ በ2013 የወጣው ጥናትም በ12 ሳምንት 3 ነጥብ ገደማ ቅናሽ አሳይቷል። ስለዚህ ማሽኑ ተጀመረ ተብሎ የግፊት ኪኒን አይቆምም።

ልብንና ስትሮክን በተመለከተ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። በ2005 ከስፔን የወጣው፣ ወንዶችን 10 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት ከባድ ሕመም ኖሯቸው ያልታከሙት በልብ በሽታ ይበልጥ እንደተጎዱ አሳየ። ይሁን እንጂ ማሽኑን የሚያደርግ ሰው መድኃኒቱንም በሥርዓት የሚወስድ፣ ራሱን የሚጠብቅ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ ሁሉ የማሽኑ ነው ማለት አይቻልም። በ2016 የወጣው «ሴቭ» የተባለ ጥናት ደግሞ ቀድሞ የልብ ወይም የስትሮክ ታሪክ ያላቸውን 2,717 ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ለ3.7 ዓመት ተከታተለ፤ አዲስ የልብ ድካምና ስትሮክ አልቀነሰም። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ፦ በአማካይ ያደረጉት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ክፉኛ የሚጥላቸው ሰዎችም ከጥናቱ ውጭ ነበሩ። አባትሽ ደግሞ እንደነገርሽን መብራት ላይ ቆመው ሳሉ የሚያንቀላፉ ሰው ናቸው። ልብን እንደሚያድን ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ በ3 ሰዓት ተመዝኖ «አይሠራም» መባሉንም አልቀበልም።

ውፍረት በማሽኑ አይቀንስም፤ እንዲያውም ጥቂት ኪሎ የሚጨምሩ አሉ። ስኳርም በሱ ብቻ ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ሥራው። ስክሪኑ ወይም የስልክ መተግበሪያው ላይ ሦስት ቁጥር እዩ። አንደኛው ሰዓት ነው። ብዙ የአሜሪካ ኢንሹራንሶች በ30 ቀን ውስጥ በ70 በመቶው ሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ እሱ ግን የክፍያ መስፈርት እንጂ የጤና ግብ አይደለም፤ ግቡ እስኪነሱ ድረስ ነው። በተለይ ሊነጋ ሲል ማውለቅ ጎጂ ነው፤ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ የሚገኘው ያኔ ነው፣ ትንፋሽም ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚቋረጠው ያኔ ነው። ሁለተኛው የቀረው የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ በሰዓት ከ5 በታች መሆን አለበት። ሦስተኛው የሚያመልጠው አየር ነው፤ ሬስሜድ በተባለው ኩባንያ ማሽን በደቂቃ ከ24 ሊትር ካለፈ ብዙ ነው።

አየር ሲያመልጥ ሰው ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ይህ ፊት ያቆስላል እንጂ አያቆመውም። ተኝተው፣ ማሽኑ እየነፋ፣ ማሰሪያውን አላልቶ ማስኩን ከፊት ራቅ አድርጎ መልሶ ማስቀመጥ ይሻላል። የፊት ቅባት ሲሊኮኑን ስለሚያንሸራትተው በየቀኑ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ ቱቦው በሳምንት አንዴ። ጢም ካላቸው አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚገጥመው ዓይነት ይመቻል። ጠዋት አፋቸው ደርቆ ከተነሱ በአፍ እያመለጠ ነው፤ መጀመሪያ የአፍንጫውን መታፈን ማከም፣ እርጥበቱን መጨመር፣ ካልሆነ አፍንጫና አፍ የሚሸፍነውን መሞከር። ሆድ የሚነፋ ከሆነ አየር እየዋጡ ስለሆነ ግፊቱን ሐኪሙ ይየው። ለእርጥበቱ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ብቻ፣ በየቀኑ የሚቀየር። በኦዞን የሚያጸዱትን መሣሪያዎች አትግዙ።

አገር ቤት ሲሄዱ ውሃውን ደፍተው በእጅ ሻንጣ ይያዙት። የኃይል ማስተላለፊያው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት ባትሪ ያስፈልጋል፤ የውሃ ማሞቂያውን ማጥፋት ባትሪውን በእጅጉ ያቆየዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ እዩ። ከፍታ ላይ ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል ራሱ ትንፋሽ የማያዝበት ዓይነት መቋረጥ ሊመጣ ስለሚችል፣ እዚያ ሳሉ ያ ሁለተኛው ቁጥር (የቀረው የትንፋሽ መቋረጥ) ድንገት ከጨመረ ግፊቱን ራሳቸው ከፍ እንዳያደርጉት፤ ለሐኪማቸው ይደውሉ።