እግር አይረሳም፣ ጉልበት ግን ይረሳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው መሰለኝ። ሐዋሳ ተማሪ ሳለሽ በሳይክል ነበር የምትመላለሺው። አዲስ አበባ ገባሽ፣ ሥራ ያዝሽ፣ ወለድሽ፤ 16 ዓመት ፔዳል ሳትረግጪ አለፈ። አሁን በ41 ዓመትሽ መመለስ አምሮሻል። ግን ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን ያምሻል፣ ያለሽ ደግሞ ግቢ ውስጥ የቆመ የወንድምሽ አሮጌ ሳይክል ነው፣ ሰውስ ምን ይለኛል ብለሻል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። የተመለስኩት ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ44 ዓመቴ ነው። አሁን 3 ዓመት ሞላኝ። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኛ ስናድግ ሳይክል ስፖርት አልነበረም። ዳቦ የሚገዛበት፣ ታናሽ እህት ከኋላ ተጭና ትምህርት ቤት የምትደርስበት ነበር። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ማለቴ ነው። ስለዚህ ስመለስ "ይሄን ደግሞ ማን ያስተምረኛል" አልኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ተነስቼ እንጦጦ ልወጣ! ሚዛኔ ወዲያው ተመለሰልኝ፤ 10 ሜትር እንኳ አልፈጀብኝም። ያሳሳተኝም እሱ ነው። እግሬ ስላልረሳ ሌላውም ያልረሳ መሰለኝ። ስድስት ኪሎ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ሽሮ ሜዳን ሳልፍ ዓይኔ ጭልም አለ። ወርጄ ሳይክሉን እየገፋሁ ሳለ ማገዶ ተሸክመው ከላይ የሚወርዱ እናት ቆም አሉና "አይዞህ ልጄ፣ ታመህ ነው?" አሉኝ። እሳቸው ያን ሁሉ እንጨት ተሸክመው፣ እኔ ባዶ ጀርባዬን።

የአንቺም የእኔም ከተማ ሐይቅ ዳር ያለ ሜዳ ነው። ከፍታቸውም 1,700 እና 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የእንጦጦ ጫፍ 3,000ን ያልፋል። አየሩን ለምደሽዋል፣ ዳገቱን ግን በታክሲ ነው የምታውቂው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል። 3 እና 4 ሳምንት ካዘወተርሽ ልዩነቱን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን በሁለተኛው ወር ነው፤ ሳንባው "ንዳው" ሲለው፣ ጉልበቱ ገና ሳይደርስ። እኔ ከእንጦጦው ተምሬ ለአንድ ወር አደብ ገዛሁ። ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት ደህና ነኝ ብዬ ሰበታ ደርሼ ተመለስኩ። ጉልበቴ አበጠ፣ 5 ሳምንት ተቀመጥኩ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ሜዳ ላይ ብቻ ይሁን። ሳይደክምሽ ውረጂ። ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሪ እንጂ እጥፍ አታድርጊው።

ስለ ጉልበትሽ፣ ካበጠ ወይም እየተቆለፈ ካስቸገረሽ ቅድሚያ ሐኪም ይየው። እግረ መንገድሽን ደም ግፊትሽንም ተለኪ። ደረጃ ላይ ብቻ የሚሰማሽ ከሆነ ግን ሳይክሉ ላይ ሁለት ነገር ተመልከቺ። አንደኛው የኮርቻው ቁመት ነው። እኛ አገር ሰው መሬት እንዲደርስለት ኮርቻውን ዝቅ ያደርጋል፤ ጉልበት የሚጨርሰውም ይሄ ነው። ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪ፣ አንዱን ፔዳል ወደ ታች አውርጂና ተረከዝሽን አሳርፊበት። እግርሽ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስትነጂ በተረከዝ ሳይሆን ከጣቶችሽ ሥር ባለው ክፍል ስለምትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል። ከፊት በኩል ሲያምሽ አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ በኩል ሲያምሽ ከፍ ብሏል። ሁለተኛው ማርሽ ነው። ከባድ ማርሽ መርገጥ ጉልበተኛ የሚያስመስል የልጅነት ጉራ ነው። ቀላሉን አስገቢና ቶሎ ቶሎ ምቺ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀኝ እግርሽ ወደ 20 ጊዜ ከዞረ በቂ ነው።

መቀመጫሽን ያምሻል፤ እሱ የማይቀር ነው። በሁለት ሳምንት ይለቅሻል። ወፍራሙን የስፖንጅ ልባስ አትግዢ፤ ለ10 ደቂቃ ይመቻል፣ ከዚያ ይብሳል። ባለቤቴን የገላገላት ሰፋ ያለ የሴት ኮርቻና ስፌቱ የማይቆረቁር የውስጥ ልብስ ነው። (ይሄን ጻፍልኝ ያለችው እሷ ናት።)

አሮጌውን ሳይክል አትናቂው። አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ወር በሱ ሞክሪ። ጎማው ለዓመታት ከቆመ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ንፋስ ቢይዝም ቀይሪው። የንፋሱ ልክ ራሱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ ለጎሚስታው አሳዪው፤ አለዚያ እንደ መኪና ጎማ ይነፋልሻል። የፍሬኑ ጎማ ሲያረጅ ይደርቅና ይጮኻል እንጂ አይዝም። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ቀጭን ዘይት ቀቢው። አንድ ሠራተኛ የእኔን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ለቀለቀልኝ፤ በሳምንቱ አሸዋ ጠጥቶ እንደ ወፍጮ ይንኮሻኮሽ ነበር።

የት ልንዳ ላልሽው፣ እሁድ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ለጀማሪ ጥሩ ናቸው፤ እግረኛ ይሄድባቸዋልና ደወል አስገጥሚ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" ባለበት እሁድ ደግሞ መንገዱ ለመኪና ስለሚዘጋ ልጆችሽንም ይዘሽ ውጪ። የቆመ ሚኒባስ ስታልፊ በሩ ድንገት እንደሚከፈት ቁጠሪ፤ የተከፈተ በር እንዳይደርስብሽ በቂ ርቀት ተዪለት። ክረምት ላይ መንገድ ላይ የተቀባው ነጭ ቀለም ሳሙና ነው፣ እሱ ላይ ፍሬን አትያዢ። ሄልሜት ላይ ክርክር የለኝም።

በጾም ወቅት ሳትበዪ ረጅም አትንጂ። በባዶ ሆድ ሜክሲኮ አካባቢ እጄ ተንቀጥቅጦ ያውቃል። ከበላሁ በኋላ ማታ ላይ አጭር መንዳት ጀመርኩ። በሌላው ቀን በሶ በጥብጠሽ ያዢ።

ሰው ይላል። እኔን የታክሲ ረዳት "ሼባው፣ ንዳው!" ይለኛል። ባለቤቴን ደግሞ ጎረምሶች ተከትለው ይጮሁባት ነበር። የመጀመሪያውን ወር አብሬያት ወጣሁ፤ አሁን ብቻዋን ትወጣለች፣ ሰፈሩም ለምዷታል። አብሮሽ የሚወጣ ከጠፋ እዚሁ ጻፊ፣ በአካባቢሽ የሚነዳ አይጠፋም።

የወንድምሽን ሳይክል ከጎን ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን። ቁመትሽንም ጻፊልኝ፤ እሱ ረጅም ከሆነ ፍሬሙ ሊበዛብሽ ይችላል፣ ያን ደግሞ ኮርቻ ዝቅ ማድረግ አያስተካክለውም።