ሮዝ ለብሰን ምን ፈየድን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንክ ነው የምሠራው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ለጡት ካንሰር ተብሎ ሮዝ ቲሸርት ይታደለናል። ለብሰን እንመጣለን፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አለቀ። ዘንድሮ ፎቶውን ለአክስቴ ባሳያት «ውይ ስታምሩ!» አለችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጇ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ለካ አክስቴ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሰባት ወር ሆኗታል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ስለማያማት ችላ ብላው ከርማ አሁን ጠበል ጀምራለች። ሆስፒታል ግን አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ ቲሸርቱን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። እውነት ይሄ ቀለም የሚፈይደው ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቲሸርቱን ቆይ እናመጣዋለን። መጀመሪያ አክስትሽ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ፊት ትቅረብ፣ ለሚቀጥለው ወር አትበሉ። ቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ከዚያ ሪፈር ይጽፉላታል። ምን እንደሚጠብቃት አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ፍርሃቱ ግማሹ አለማወቅ ነው። ሐኪሙ ጡቷንና ብብቷን በእጁ ይዳስሳል። ቀጥሎ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይታዘዝላታል። አስፈላጊ ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰድና ላቦራቶሪ ይሄዳል። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይሄንንም ንገሪያት፣ እውነት ነውና። ግን የትኛው ካንሰር እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ በምርመራ ካልሆነ በምንም አይለይም። አለማመሙም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ሲጀምር አያምም።

ስለ ጠበሉ ደግሞ፣ እባክሽ «ተዪው» ብለሽ አትጣያት። ያኔ ከሁለት አንዱን ምረጪ ያልሻት ይመስላታል፣ እሷም ጠበሉን ነው የምትመርጠው። ጠበሏንም ትጠመቅ፣ ሕክምናዋንም ትከታተል። የንስሐ አባቷን ለብቻቸው አግኝተሽ ነገሩን ብታስረጂያቸው ጥሩ ነው። እሳቸው «ልጄ፣ ሂጂ ታከሚ» ቢሏት እኔና አንቺ ዓመት ሙሉ ከምንለፈልፈው ይበልጣል።

አሁን ወደ ቀለሙ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቲሸርታችሁ ቀለም የመጣው ደረት ላይ ከሚሰካው የጡት ካንሰር ሪባን ነው። ሪባኑ ግን መጀመሪያ ሮዝ አልነበረም፣ የኮክ ፍሬ ቀለም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሻርሎት ሄሊ የምትባል የካሊፎርኒያ ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ በእጇ ትሠራው ነበር። አያቷ፣ እህቷና ልጇ በጡት ካንሰር ተይዘው ነበር። እያንዳንዱ ሪባን ካርድ ነበረው። የአገሪቱ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር በጀት እንዳለው፣ ከዚያ ውስጥ ካንሰርን ለመከላከል የሚውለው 5 በመቶ ብቻ እንደሆነ ካርዱ ይናገራል። ሪባኑን አድርጋችሁ ሕግ አውጪዎቹን ቀስቅሱልን ይላል። ሴትየዋ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፣ ከማን እንደምትፈልግም ጭምር።

በ1992 «ሰልፍ» (Self) የተባለው የአሜሪካ መጽሔትና የመዋቢያ ኩባንያው ኤስቴ ላውደር ሪባኑን ልንጠቀምበት ብለው ጠየቋት። ንግድ ይሆንብኛል ብላ እምቢ አለች። ጠበቆች ቀለሙን ቀይሩት ብለው መከሩና ሮዝ መጣ። ያን ጊዜ የታደሉት ሮዝ ሪባኖችም ቢሆኑ ራስን ስለ መመርመር የሚያስረዳ ካርድ ነበራቸው። እየቆየ ግን ካርዱ ቀረና ቀለሙ ብቻውን ዓለምን ዞረ። በ2010 እኮ ለጡት ካንሰር ተብሎ ሴቶች ፌስቡክ ላይ የጡት መያዣቸውን ቀለም ብቻ እየጻፉ ተዋወቁ፤ «ቀይ»፣ «ጥቁር»፣ በቃ። ስለ እብጠት አንድ ቃል የለም። አንቺ መሥሪያ ቤት የደረሰው ያ ካርድ የሌለው ቀለም ነው። አክስትሽም ፎቶውን አይታ «ስታምሩ» ያለችው ሌላ የምታነበው ነገር ስላልነበረ ነው።

ግን ቀለሙ ከንቱ ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። በሮዝ ስም ለምርምር ብዙ ገንዘብ ተሰብስቧል፣ የተሰበሰበውም ሥራ ላይ ውሏል። ደግሞም የበሽታውን ስም ጮክ ብሎ መጥራት በራሱ ኃይል አለው። በ1974 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አልደበቀችም፣ ለሕዝብ ተናገረች። ያኔ ይሄ ነገር በሹክሹክታ የሚወራ ነበር፣ ልክ እኛ ጋ «ያ በሽታ» እንደሚባለው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ሴቶች ለምርመራ ጎረፉ። ሪባን የሚባል ነገር ገና አልነበረም። የሚያውቋት ሴት «እኔ ነኝ» ስላለቻቸው ነው የሄዱት።

በሀብታሞቹ አገሮች ከ1980ዎቹ ወዲህ በጡት ካንሰር የመሞት ምጣኔ 40 በመቶ ያህል ቀንሷል። ሥራውን የሠራው በጊዜ መገኘቱና ሕክምናው እስከ መጨረሻው መሰጠቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው ግብም ይሄንኑ ይላል፤ አንዲት ሴት ሐኪም ፊት ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ ይታወቅ። የአክስትሽ 60 ቀን ገና መቆጠር አልጀመረም። እኛ አገር ብዙዎቹ ሴቶች የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፣ ብዙዎቹም ገና ከ50 ዓመት በታች ናቸው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ እዚያ ነበር ወረፋ የሚጠብቀው። አሁን እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎችም ጀምረዋል። አርፍዶ ለመጣ ሰው ግን የማሽን መብዛት ብቻውን አይደርስለትም።

ስለዚህ ቲሸርቱን ልበሺው፣ ግን ካርዱን መልሽለት። የሰው ኃይል ክፍላችሁ ጋ ግቢና ለከርሞ ከጀርባው ይሄን አጽፉበት በያቸው፦ «ጡትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ፣ ባያምሽም፣ ተመርመሪ።» ቦታ ከተረፈ ሌሎቹም ምልክቶች ይጨመሩ፤ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጎድጎዱ፣ የጡት ጫፍ ከወትሮው ተለይቶ ወደ ውስጥ መግባቱ፣ ደም ያለው ፈሳሽ፣ ብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት። የኬኩ ብር ለአንድ ነርስ የግማሽ ቀን አበል ይሁን፤ መጥታ ታስረዳችሁ፣ የፈራ ይጠይቃት። ለምርመራ የሚሄድ ሠራተኛ ከደመወዙ የማይቆረጥበት ግማሽ ቀን ፈቃድ ይሰጠው። ወንዶቹም ይስሙ፤ ሚስትና እናት ስላላቸው ብቻ አይደለም፣ አልፎ አልፎ እነሱንም ይይዛል።

አክስትሽ ጋ ስትሄጂ ያን ፎቶ እንደገና አሳዪያት። ስለ ምን እንደለበሳችሁት በዚህኛው ጊዜ ንገሪያት። የቀጠሮዋ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ አብረሻት ሂጂ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ምሳ ቋጥሪላት፣ ስሟ ሲጠራም አብረሻት ግቢ።