የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ስታር ትሬክ»ን የሚወዱ ሰዎች ለምን ያማርሩበታል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀውን «ስታር ትሬክ» የተባለውን ሳይንሳዊ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም የሚመለከቱ ናቸው። ደብዳቤዎቹን ብናሳጥራቸውም ሐሳባቸውን አልነካንም። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ «ስታር ትሬክ»ን ይከታተላል። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ፊልሙ ሲያወሩ ግን ከምስጋናው ወቀሳው ይበዛል። አንዱ ደራሲ ታሪኩን አፈረሰው፣ ሌላው ገጸ ባሕርይውን አበላሸው እያሉ ያመሻሉ። ይህን ያህል የሚያናድዳቸው ከሆነ ለምን አይተዉትም? ለመሆኑ የሚወዱለት ምኑን ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ባለቤትዎ የሚያማርሩት ስለሚወዱት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያ ጠለቅ ያለ ይመስለኛል። አንድን ፊልም አይቶ የሚረሳ ተመልካች አለ፤ እንደ ባለቤትዎ ያለው ተመልካች ደግሞ ታሪኩን ራሱ እንደኖረበት ዘመን ያስታውሰዋል። ማን ለማን ምን ቃል እንደገባ፣ የትኛዋ መርከብ የት እንደጠፋች፣ የትኛው ጠላት መቼ ወዳጅ እንደሆነ ያውቃል። ፍቅሩም ቅያሜውም የሚመነጩት ከዚህ ትውስታ ነው።

ይህ ዓይነቱ ተመልካች ትናንት የመጣ አይደለም። በጂን ሮደንበሪ የተፈጠረው የመጀመሪያው ተከታታይ በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነበር። በሁለተኛው ሲዝን ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ተመልካቾች ለጣቢያው ደብዳቤ አዘነቡና ሦስተኛ ሲዝን እንዲሠራ አደረጉ። ተከታታዩ በ1969 በ79 ክፍሎች ቢያበቃም አፍቃሪዎቹ አልተበተኑም፤ በ1976 የናሳ የመጀመሪያዋ የሙከራ መንኮራኩር በፊልሙ ውስጥ ያለችውን የካፒቴን ከርክን የጠፈር መርከብ ስም ይዛ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው እነርሱ በጻፉት የደብዳቤ ብዛት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታሪኩን በሕይወት ያቆየነው እኛ ነን የሚሉ ሰዎች ናቸውና፣ ያቆዩት ነገር ሲጎሳቆል ዝም እንዲሉ መጠበቅ ይከብዳል።

ወደሚወዱለት ነገር ስመጣ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠቅሱት በዚያች መርከብ ማዘዣ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ነው። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን አንዲት ጥቁር ሴት መኮንን ሆና፣ ከነጮቹ እኩል በሥራዋ ተከብራ መታየቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ልትለቅ ወስና ሳለ ሐሳቧን ያስለወጧት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንደነበሩ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። የሰው ልጅ ራሱን አጥፍቶ እንደማይጨርስ፣ ይልቁንም ተስማምቶ ወደ ከዋክብት እንደሚወጣ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የተናገረ ፊልም ስለሆነ፣ ተመልካቹ ከመዝናኛ ያለፈ ነገር አግኝቶበታል።

እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችንን ያሰረን ግን ክርክሩ ነው። «ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» ከተባለው የኋላ ተከታታይ በ1989 የታየ አንድ ክፍል እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ዴታ የተባለው ሰው መሰል ማሽን በመርከቧ ላይ መኮንን ሆኖ ያገለግላል፤ አንድ ተመራማሪ ፈታትቶ ሊያጠናው ይፈልጋል፤ ዴታ እምቢ ይላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዴታ ንብረት ነው ወይስ ለራሱ የመወሰን መብት ያለው አካል የሚለው ይታያል፤ ንብረት ነው ብሎ እንዲከራከር የሚታዘዘውም የገዛ ጓደኛው ሬይከር ነው። ሬይከር ለችሎቱ ሲዘጋጅ የዴታን አሠራር የሚያሳየውን ንድፍ እየመረመረ ሳለ አንድ ነገር ያገኝና ፊቱ በደስታ ይበራል፤ ወዲያው ያገኘው ነገር ጓደኛውን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ መሆኑ ሲገባው ፈገግታው ከፊቱ ላይ ይረግፋል። አንድም ቃል አይናገርም፤ ትዕይንቱ ጥቂት ሰከንዶች ቢሆን ነው። በችሎቱ ላይ ያንኑ ማጥፊያ ተጭኖ ዴታ እንደ ዕቃ በግንባሩ ሲደፋ ያየ ተመልካች፣ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ ሊተኛ አይችልም። ተኩስ የለም፣ ፍንዳታ የለም፤ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አፍቃሪዎቹ «እውነተኛው ስታር ትሬክ» ሲሉ በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ክፍል ማለታቸው ነው።

ቅያሜው የሚመጣው ደራሲዎቹ ሲረሱ ነው። በ1992 በታየ ሌላ የዚሁ ተከታታይ ክፍል የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ፒካርድ በመርከቡ ላይ ራሱን ስቶ በወደቀባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ከብዙ ዘመን በፊት በጠፋች ፕላኔት ላይ አርባ ዓመት ያህል ይኖራል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፣ ዋሽንት መጫወትም ይማራል። ሲነቃ የቀረለት ያ ዋሽንት ብቻ ነው፤ ክፍሉም ለብቻው ቆሞ ሲጫወተው ያልቃል። ቀጣዩ ክፍል ምንም እንዳልተፈጠረ ይጀምራል። አንድ ሰው የአንድ ዕድሜ ሚስትና ልጆች አጥቶ በሳምንቱ ወደ ተለመደ ሥራው ሲመለስ ያየ ተመልካች ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በ1993 ዋሽንቱ እንደገና ወጥቶ ፒካርድ ለሚወዳት ሴት ታሪኩን ሲነግራት አፍቃሪዎቹ የተደሰቱት ደራሲዎቹ እንዳልረሱ ስላዩ ነው።

«ቮያጀር» በተባለው ሌላ ተከታታይ ላይ ይህ ዕድል አልተገኘም። መርከቧ ከቤቷ 70,000 የብርሃን ዓመት ርቃ ብቻዋን ትቀራለች፤ ገና በመጀመሪያው ሲዝን 38 ቶርፔዶ ብቻ እንዳላት፣ የሚተካም እንደሌለ ይነገረናል። ከዚያ በኋላ ግን ስትተኩስ ትኖራለች፤ ተመልካቾች አንድ በአንድ ቢቆጥሩ 38 ካለፈ ቆይቷል። ጉዳዩ የቶርፔዶ ቁጥር ብቻ አይደለም። እጥረት አለ ብሎ ያስጨነቀን ታሪክ እጥረቱን ሲረሳው፣ አብረን የተጨነቅነው ሰዎች የተሞኘን ያህል ይሰማናል፤ በየሳምንቱ የምትደበደበው መርከብም በሚቀጥለው ሳምንት ቀለሟ እንኳ ሳይነካ ስትመጣ ስሜቱ ይብሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ደራሲው የጣለውን ነገር ተመልካቹ አንስቶ ይዞ ይቆያል። በባለቤትዎና በጓደኞቻቸው ወሬ ውስጥ ወቀሳ ሆኖ የሚሰማዎት በአብዛኛው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ክሊንጎን የተባሉት ተዋጊዎች በድሮው ፊልም ተራ ሰው ይመስሉ ነበር፤ በኋላ ግን ግንባራቸው አጥንት የበዛበት ሆነ። ምክንያቱ ተነግሯል?

መልስ፦ ተነግሯል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። እውነተኛው ምክንያት በ1960ዎቹ ለፊት ቅብ ይወጣ የነበረው ገንዘብ አነስተኛ መሆኑና በ1979 የተሠራው የሲኒማ ፊልም ግን ሰፊ በጀት ማግኘቱ ነው። በታሪኩ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው በ1996 ነበር፤ «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለው ተከታታይ ሰዎች ወደ ከርክ ዘመን ተመልሰው የድሮዎቹን ክሊንጎኖች ሲያዩ ክሊንጎን ወደሆነው ባልደረባቸው ወደ ዎርፍ ይዞራሉ፣ እርሱም ይህን ነገር ለባዕድ እንደማያወሩት ተናግሮ ይዘጋዋል። በ2005 ደግሞ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለው ተከታታይ በሁለት ክፍል ሰፊ ማብራሪያ አቀረበ፤ የሰዎችን የዘረመል ማሻሻያ ለራሳቸው ለመጠቀም ባደረጉት ሙከራ የተነሣ ወረርሽኝ መልካቸውን ለወጠው ይላል። ለእኔ የዎርፍ አጭር መልስ ይበልጥብኛል፤ ልዩነቱን ሳይክድ፣ የአንድ ሕዝብ ኀፍረት አድርጎ አልፎታልና።

ጥያቄ፦ ከ2017 ወዲህ የወጡት ሁሉ ጨለምተኞች ናቸው፣ የሮደንበሪን ራእይ ክደዋል ይባላል። እኔ «ዲስከቨሪ»ን ወድጄዋለሁ። አላዋቂ ሆኜ ነው?

መልስ፦ በፍጹም አይደሉም። «ይህ ስታር ትሬክ አይደለም» የሚለው ቃል ከተከታታዩ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። በ1987 ፒካርድ የከርክን ቦታ ሲይዝ ተብሏል። በ1993 «ዲፕ ስፔስ ናይን» ሲጀምርም፣ መርከብ ሳይሆን አንድ ቦታ የቆመ ጣቢያ ላይ ምን ጉዞ አለ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ተከታታይ ከሁሉ የሚያስበልጡት ብዙዎች ናቸው።

ጨለማውም አዲስ አይደለም። በ1998 በታየ የ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ክፍል የጣቢያው አዛዥ ካፒቴን ሲስኮ ሮሙላን የተባሉትን ሕዝቦች ወደ ጦርነት ለማስገባት ሲል ይዋሻል፣ የሐሰት ማስረጃ ያሠራል፣ የሰው ሕይወትም ይጠፋል። ይህን ሁሉ ለማስታወሻ መዝገቡ እየተናገረ በየመካከሉ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ሲጨርስ መዝገቡ እንዲሰረዝ ያዛል። አፍቃሪዎቹ ይህን ክፍል ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጡታል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በሰውየው ላይ ሲከብደው እናያለን። ስለዚህ ጨለማ መሆኑን ብቻ ይዞ «ዲስከቨሪ»ን መክሰስ ትክክል አይመስለኝም።

ትክክል የሚመስለኝ ወቀሳ ሌላ ነው። «ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» በአብዛኛው በዓመት 26 ክፍል ነበረው፤ በዚህ ምክንያት አንዱን ክፍል ስማቸው ለማይታወቅ ጀማሪ መኮንኖች መስጠት፣ ሌላውን የዴታን አንድ የሥራ ቀን ለማሳየት ማዋል ይቻል ነበር። «ዲስከቨሪ» በአምስት ሲዝን 65 ክፍል ብቻ አለው፤ በየሲዝኑም የሕያዋን ሁሉ ህልውና አደጋ ላይ ይወድቃል። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ማይክል በርነምን በደንብ እናውቃታለን፣ ፍርሃትን ይዞ ተወልዶ ቀስ በቀስ የሚያሸንፈውን ባልደረባዋን ሳሩንም እንወደዋለን፤ በማዘዣው ክፍል ከጎናቸው የሚቀመጡትን ግን ለማወቅ ጊዜ አይሰጠንም። ሁለተኛው ሲዝን ሲያልቅ ደግሞ መርከቧ ወደ ሩቅ ዘመን ትሄዳለች፤ የቀሩትም ስለ እርሷ እንዳይናገሩ ይታዘዛሉ። ከበርነም ጋር አብሮ ያደገው የከርክ ባልደረባ ስፖክ ለምን ስለ እርሷ ተናግሮ አያውቅም ብሎ ለሚጠይቅ ተመልካች የተሰጠው መልስ ይህ የዝምታ ትእዛዝ ነው። ተመልካቹ ለዓመታት የገነባውን ትውስታ በትእዛዝ መዝጋት ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ ጠያቂውን ያርቃል፤ በዚህ ላይ ከወቃሾቹ ጋር ነኝ።

ያው ተከታታይ ግን የትውስታን ጥቅም አሳይቷል፤ ይህንንም መናገር ይገባል። በ1966 ከከርክ በፊት የ«ኢንተርፕራይዝ» አዛዥ የነበረው ካፒቴን ፓይክ በአደጋ ተጎድቶ፣ መናገር አቅቶት፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ባለች መብራት ብቻ አዎንና አይደለምን ሲመልስ አይተን ነበር። «ዲስከቨሪ» በ2019 ይኸው ፓይክ የወደፊት ዕጣውን አስቀድሞ እንዲያይ አደረገው፤ እርሱም እያወቀ ተቀበለው። ከ2022 ጀምሮ በወጣው «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» ፓይክ ለባልደረቦቹ ምግብ ሲያበስልና ሲስቅ ባየን ቁጥር፣ እርሱ የሚያውቀውን እኛም እናውቃለን። ከአምስት ዐሠርት ዓመታት በፊት የተሠራ ትዕይንት የዛሬውን ሳቅ እንዲህ ሲያከብደው ማየት ረጅም ዕድሜ ያለው ታሪክ ብቻ የሚሰጠው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ «ስታር ትሬክ»ን ማየት ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር?

መልስ፦ በወጡበት ቅደም ተከተል ለማየት አትገደድ። የ«ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የመጀመሪያ ሲዝን ደካማ መሆኑን አጥብቀው የሚወዱትም ይቀበላሉ፤ እርሱን ትዝለለውና ከላይ በጠቀስኩት የዴታ ችሎት ትጀምር፤ ከዚያ ሦስተኛውን ሲዝን ከመጀመሪያው ጀምራ ትከተል። የሰዎቹን ጠባይ ከለመደች በኋላ ወደ ከርክ ዘመን ይመልሷት። እዚያ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በ1982 የወጣውን የከርክን ጠላት የካንን ፊልም ከማየቷ በፊት፣ ካን መጀመሪያ የተዋወቀበትን የ1967ቱን ክፍል ትይ። በሁለቱ መካከል አሥራ አምስት ዓመት አለ፤ ተዋናዩ ሪካርዶ ሞንታልባንም ያው ራሱ ስለሆነ የጊዜውን ርዝመት ከፊቱ ላይ ታነብበዋለች። ክፍሉን አንድ ምሽት፣ ፊልሙን በማግስቱ ብታየው መልካም ነው። መጨረሻው ላይ ከርክና ስፖክ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ሆነው የሚነጋገሩትን ግን አስቀድመው እንዳይነግሯት።