ሲስተርን ጠይቁ፦ «እህቴ ስትወልድ የደረሰባትን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ፀንሼ 31ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ክትትሌን አቋርጬ አላውቅም፤ እስካሁን ሁሉም ደህና ነው ብለውኛል። ደህና ያልሆነው ልቤ ነው። ታላቅ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት ስትወልድ ሁለት ቀን አምጣለች። «ይገባሉ፣ ያዩኛል፣ ይወጣሉ፤ ምን እንደሆንኩ የሚነግረኝ አልነበረም። ስጮህ ተቆጡኝ። እናቴን በር ላይ አስቀሯት። እዚያው የምሞት መሰለኝ» ትላለች። እሷም ልጇም ደህና ናቸው፤ ግን ሁለተኛ አልወልድም ብላ ምላለች። እኔ ሌሊት ሌሊት ይህን እያሰብኩ እባንናለሁ። ለባለቤቴ እንዳልነግረው እሱም ፈሪ ነው። እናቴ ደግሞ «አላህ ያውቃል፣ ዱዓ አድርጊ፤ ምግብም ቀነስ አድርጊ፣ ልጁ ከፋፋ አይወጣም» ይሉኛል። እውነት ለምጥ መዘጋጀት የሚባል ነገር አለ? አእምሮዬንስ፣ ሰውነቴንስ ምን ላድርገው?
ሀ. ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። እህትሽ ከተናገረችው ውስጥ «አመመኝ» የሚል ቃል የለም። የሚነግረኝ አጣሁ፣ ተቆጡኝ፣ እናቴን አስቀሩብኝ ነው ያለችው። ሁለት ቀን ያማጠች ሴት አላመማትም ማለቴ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ልቧ ላይ የቀረው ግን ብቻዋን መሆኗ ነው። በ22 ዓመት የአዋላጅነት ሥራዬ ከእናቶች ደጋግሜ የሰማሁትም ይህንኑ ነው። መዘጋጀት አለ ወይ ላልሽኝ፣ አለ። የምትዘጋጂው ምጥ ሲመጣ ሳታውቂውና ብቻሽን ሆነሽ እንዳያገኝሽ ነው። ሕመም የሌለበት ምጥ ቃል ልገባልሽ አልችልም።

ይህን የምልሽ ራሴ ከሠራሁት በደል ስለተማርኩትም ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አንዲት ልጅ እግር ወላድ መጣች። አራት ወላዶች ነበሩብኝ፣ ረዳት አልነበረኝም። ስትጮህ «ሌሎቹን አትረብሺ፣ ዝም በይ!» አልኳት። ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ፣ ነክሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ ጎህ ሲቀድ ወለደች። ጠዋት ተረኝነቴን አስረክቤ ልወጣ ስል እጄን ያዘችና «ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቷን ስነካ ስሜን እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ነጠላው ትራሷ ላይ ተቀምጧል፤ የጥርሷ ምልክት ይታያል። ከዚያ ወዲህ ስሜን ሳልናገር ወላድ ነክቼ አላውቅም።

ከማወቅ እንጀምር። ምጥ እንደ ጥርስ ሕመም ያለ ፋታ የሚያንገበግብ አይደለም፤ ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ይሄዳል። እየጠነከረ ሲሄድ እንኳ አንዱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከዚያ ፋታ አለ፤ በፋታው የሚያንቀላፉ እናቶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያ ልጅ ላይ የማህፀን በር አምስት ሴንቲ እስኪከፈት የሚወስደው ጊዜ ከሴት ሴት በጣም ይለያያል። ከአምስት ሴንቲ በኋላም እስከ 12 ሰዓት ሊሄድ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ላይ አስፍሯል። አንድ ሰው ለእህትሽ «ገና ሦስት ሴንቲ ነሽ፣ የልጅሽ የልብ ምት ጥሩ ነው፣ ከአራት ሰዓት በኋላ መጥቼ አይሻለሁ» ብሏት ቢሆን ኖሮ፣ ያው ሁለት ቀን ሌላ ሁለት ቀን ይሆንላት ነበር።

ፍርሃት ሰውነት ላይ ይሠራል። ስንደነግጥ የሚመነጨው አድሬናሊን ትከሻንና መንጋጋን ይጨምቃል፣ ትንፋሽን ያሳጥራል፤ ምጡን ወደፊት የሚገፋውን ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞንም ሊያዳክመው ይችላል። ፍርሃትን «ሂድ» ብትዪው አይሄድም፤ ትንፋሽ ግን በእጅሽ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ይህን ልምምድ አድርጊ፦ ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፊ፣ እግርሽን ከፈት አድርገሽ ወደፊት አራምጂ፣ ወንበር ላይ እንደምትቀመጭ ሆነሽ ዝቅ በይ። ጭንሽ ማቃጠል ይጀምራል። ባለቤትሽ በስልኩ አንድ ደቂቃ ይያዝ። በአፍንጫሽ አስገቢ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዥ በአፍሽ ቀስ አድርገሽ አውጪ። ሲያቃጥልሽ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል፤ አውርጂው። ጥርስሽን ትነክሻለሽ፤ ልቀቂው። ስድስት ወይም ሰባት ትንፋሽ ላይ ደቂቃው ያልቃል። ሁለት ደቂቃ አረፍ ብለሽ ድገሚው፤ በቀን ሦስት ዙር ይበቃል። ጉልበትሽን ካመመሽ ወይም ካዞረሽ ተዪው። ሰውነትሽ በዚህ የሚማረው፣ የሚያቃጥል ነገር መጥቶ እንደሚሄድና እስኪሄድ ድረስ መተንፈስ እንደሚቻል ነው። ባለቤትሽም ያንን ደቂቃ አብሮሽ ይቆጥራልና ፍርሃትሽን ደብቀሽው አትቆዪም።

ዱዓውን በሚመለከት እናትሽ ትክክል ናቸው። አንዷ «ያ አላህ» ስትል፣ ሌላዋ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ትንፋሿ እየረዘመ ፊቷ ሲረጋጋ ስንቴ አይቻለሁ! አጭር የልመና ቃል መርጠሽ ከትንፋሽሽ ጋር አውጪው። መጮህም ነውር አይደለም። ጉሮሮን ከሚያደርቀው የጩኸት ድምፅ ይልቅ ከሆድ የሚወጣ ማቃሰት ጉልበት ይቆጥባል፤ ጩኸቱ ከመጣብሽ ግን ጩኺ። ነጠላሽን አትንከሺ።

ምግብ መቀነሱ ላይ ግን ከእናትሽ ጋር አልስማማም፤ ይህን ምክር ያመጣው ፍቅራቸው እንደሆነ ባውቅም። ነፍሰ ጡር ምግብ ስትቀንስ ደሟና ጉልበቷ ይጎዳል። ሌላዋ እናት የምትቋቋመው የደም መፍሰስ ደም ያነሳትን ይጥላታል። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን፣ ሲገኝ ሥጋውን በደንብ ብዪ። የተሰጠሽን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ዋጪ፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አታገናኚው፣ ብረቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ወሎ ላይ ጀበና ከእሳት እንደማይወርድ አውቃለሁ፤ እንክብሉን ልትተኚ ስትይ ብትወስጂው ይቀልሻል። ቡናውንም ራሱን ቀነስ አድርጊው።

ሐኪምሽ ካልከለከለሽ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፤ ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ነው፣ በቀን ሃያ ምናምን ደቂቃ ማለት ነው። ደሴ ዳገት ናትና ዳገቱን በቀስታ፤ እየተራመድሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል። ስትተኚ በጎንሽ ተኚ። «ልጁን ላስተካክልልሽ» ብላ ሆድሽን የምታሽ ሴት ብትመጣ እባክሽ አትፍቀጂላት፤ እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ሊላቀቅ ይችላል።

36ኛው ሳምንት ከመድረሱ በፊት የምትወልጂበት ቦታ ሄደሽ «ማዋለጃ ክፍሉን አሳዩኝ» በዪ። አልጋውን እዪው፣ መጸዳጃው የት እንደሆነ እወቂ። ሰው ይዤ መግባት እችላለሁ ወይ? በምጥ ሰዓት መራመድና ውሃ መጠጣት ይፈቀድልኛል? ተንበርክኬ ወይም በጎኔ ሆኜ ልወልድ እችላለሁ? የሕመም ማስታገሻ ምን አላችሁ? ብለሽ ጠይቂ። ብዙ እናቶቻችን ተንበርክከው ነው የወለዱን፤ በጀርባ መተኛት ግዴታ እንዳይመስልሽ። ስሜታቸውን ሳይሆን መልሳቸውን ያዢ፤ መልሱ ካልጣመሽም ሌላ ቦታ ለመፈለግ ገና ጊዜ አለሽ።

አብሮሽ የሚገባውን ሰው ነገር አደራ እላለሁ። ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ልብሽ እህትሽን ሊመርጥ ይችላል፤ የእሷ ቁስል ግን ገና አልደረቀም፣ አንቺ ስታምጪ የራሷ ሁለት ቀን ይመለስባታል። እኔ ብሆን እናትሽን እመርጣለሁ። ያኔ በር ላይ ቀርተዋል፤ አሁን ይግቡ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ቢባልም አስተምሪያቸው፦ ምጡ ሲመጣ ወገብሽን ከታች በመዳፋቸው ጫን አድርገው እንዲይዙ፣ ሲሄድ ውሃ እንዲያጎርሱሽ፣ ሽንት እንድትሸኚ እንዲያስታውሱሽ፣ ትከሻሽ ሲወጣ እጃቸውን ጣል እንዲያደርጉበት። ግድግዳው ልምምድ ላይ ከባለቤትሽ ጋር እየተፈራረቁ ይሞክሩት።

ክፍሉ ውስጥ ለምታገኚያት ባለሙያ የምትናገሪያትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአሁኑ በቃልሽ ያዢ፦ «እባክሽ ከመንካትሽ በፊት ንገሪኝ፣ ካየሽኝም በኋላ ያየሽውን ንገሪኝ።» በትሕትና የተባለ ነገር ነው፤ የደከመች አዋላጅንም ያነቃታል። ነገሩ ወደ ኦፕራሲዮን ቢያመራ እንኳ ይህ ጥያቄሽ አብሮሽ ይገባል። ለምን እንዳስፈለገ ተነግሯት፣ ገብቷት፣ ሰው እጇን ይዟት በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ጥሩ ወልዳለች።

ደም ካየሽ፣ ጠንካራ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ፣ ፊትና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። የሥራውንም ነገር ላስታውስሽ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር አለሽ። የፊተኛውን «ለልጁ ላቆየው» ብለሽ ቢሮ አትዋዪ።

እህትሽን ደግሞ አንድ ቀን ቡና አፍልተሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስወሪያት። ሳታቋርጪያት። እንደገና ለመውለድ ባትፈልግም፣ ያ ሁለት ቀን ምን እንደነበር የሚያስረዳት ባለሙያ ጋ ብትሄድ ደስ ይለኛል። ለእኔም ትጻፍልኝ።

አላህ በሰላም ይገላግልሽ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ባለቤቴ ስምንት ወሯ ነው። አብሬያት ማዋለጃ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ። እናቴ «ወንድ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል» አለችኝ። ምን ይመክሩኛል?
ተ. ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣ መፈለግህ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ባለቤትህ ናት። ከእናትህ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ጠይቃት፤ «እናቴ ትግባልኝ» ካለችህ ቅር አይበልህ። «አንተ» ካለችህ ደግሞ የምትወልድበትን ቦታ አስቀድመህ አነጋግር። ብዙ ወላዶች በአንድ ክፍል የሚያምጡበት ቦታ ከሆነ የሌሎቹ እናቶች ገመናም ስላለ ወንድ ላያስገቡ ይችላሉ፤ መጋረጃ ያለበት አልጋ ካለ ጠይቅ።

ከገባህ በራስጌዋ በኩል ቁም። ከመግባትህ በፊት ምግብ ብላ፤ በረሃብና በሙቀት የወደቁ ባሎች አንስቻለሁ፣ ያኔ እሷን ትቼ ነው እሱን የማየው። ምጡ ሲመጣባት አታውራት፣ እጅህን ስጣት። «ስንት ሰዓት ቀረ?» የሚለውን ጥያቄ እሷ ፊት አታንሳ፤ አዋላጇን በር ላይ ጠርተህ ጠይቃት። ስልክህን ደግሞ ውጭ ለሚቆይ ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ስጠው፤ እናትህም አማትህም ሲደውሉ እሱ ይመልስላቸው።