ትኩሳት ከያዘው እስኪነጋ አትጠብቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የ6 ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ተገኝቶበት የመጀመሪያውን ኬሞ አዲስ አበባ ጨርሰን ቡሬ ተመልሰናል፤ ቤት ውስጥ እንዴት ልያዘው፣ ጠያቂውንስ ምን ልበለው» ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ሴት ልጄ በዚሁ በሽታ ከ2 ዓመት በላይ ታክማለች፣ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሐኪም አይደለሁም፣ ያለፍኩበትን ነው የምነግርሽ።

ከሁሉ በፊት ትኩሳት። ዛሬውኑ ሙቀት መለኪያ ግዢ፣ በእጅ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም። በብብቱ ለኪው። በመቀመጫው በኩል ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ጀርም ወደ ደሙ ያስገባል። 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ተነሺ። ኬሞው፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴልም ያወርደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነው። ያኔ ኢንፌክሽን ከገባ በሰዓታት ውስጥ ልጅ ሊያሳጣሽ ይችላል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ልጄን ማታ አተኮሳት። አማቴ «ምች ነው» አሉ፣ ዳማከሴ ታሽቶ ተሰጣት፣ እኔም ፓራሲታሞል ጨመርኩላት። ትኩሳቱ ሲበርድላት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ለካ ኪኒኑ ትኩሳቱን ሸፈነው እንጂ ኢንፌክሽኑ ውስጥ ውስጡን እየሠራ ነበር። ጠዋት ስቀሰቅሳት አንገቷን ማቅናት አቃታት። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ደግሞ የወባ ምርመራ ሠርተው «ነፃ ናት» ብለው ሊመልሱን ነበር፤ አልቅሼ ነው ሪፈር ያጻፍኩት። በደም ሥር አንቲባዮቲክ እየተሰጣት 9 ቀን ተኛን።

ስለዚህ ሐኪሙን ሳታናግሪ ፓራሲታሞል እንዳትሰጪው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንማ ጭራሽ፣ ለደም መፍሰስ ያጋልጣሉ። ደግሞ ሐኪሙን አጭር ወረቀት አስጽፊው፤ «ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ ትኩሳት ካለው አንቲባዮቲክ በፍጥነት ይጀመርለት» የሚል። ተረኛዋ ነርስ ገና ስትገቢ እሱን ታንብብ። እኛ ወረቀቱን ከያዝን ወዲህ ወረፋ ቆመን አናውቅም።

ጠያቂውን በተመለከተ፣ በእኛ አገር የታመመ አለመጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቤት ሙሉ ሰው ገብቶ ልጁን እየሳመ፣ አንዱ እያስነጠሰ፣ አንዱ እያሳለ አይሆንም። እኔ ጠያቂ የምቀበለው ደጅ ነበር። አግዳሚ ወንበር አወጣሁ፣ ቡናውንም እዚያው አፈላሁ፣ ልጄ በመስኮት እጇን ታውለበልብላቸዋለች። የከፋቸው ነበሩ፤ አንዷ አክስቴ ሁለት ወር አኩርፋኛለች፣ በኋላ ግን ታረቅን። ለእኔ ያቀለሉልኝ የንስሐ አባታችን ናቸው። ለዕድርተኛው እሳቸው ተናገሩልኝ፣ ጠበል መጠመቁንም ሐኪሟ እስኪፈቅድ አቆይተውላት ቤት እየመጡ ጸሎት ያደርጉላት ነበር። አንቺም የንስሐ አባታችሁን አማክሪያቸው። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ አጠገቡ ከዋለ ግን ምንም ሳይታይበት በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውይ።

ምግቡ ያን ያህል አያስቸግርሽም። ወተቱ ይፍላ፣ ጥሬ ሥጋና ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ይቅርበት። አፉ ሲቆስል በርበሬና ቆሎ አይችልም፤ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ስጪው፣ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ጨው በትንሹ በጥብጠሽም ይጉመጥመጥ። ከሕክምናው መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ ደግሞ ሌሊት ተነስቶ እንጀራ ይጠይቅሻል፣ ይነጫነጫል፣ ፊቱ ይነፋል። መድኃኒቱ ነው፣ እንዳትቆጪው። ኬሞ ከተሰጠው በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል ትውከቱንና ሽንቱን በጓንት ጥረጊ። እርጉዝ ከሆንሽ ሌላ ሰው ይሥራልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ። ከወራት በኋላ ፀጉሩ በቅሎ ሲሮጥ ታዪዋለሽ። ያኔ ዘመዱ ሁሉ «ድኗል እኮ፣ አባይ በረሃን እየተሻገርሽ ምን ያንከራትትሻል» ይልሻል። እንዳትሰሚያቸው! የቀረው ካንሰር በዓይን አይታይም፣ መድኃኒቱን ያቋረጡ ልጆች ላይ በሽታው ይመለሳል። ማደሪያ ካስጨነቀሽ ካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ የሚባል ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አለው፣ ጥቁር አንበሳ የልጆች ካንሰር ክፍል ጠይቂ። የሚቀጥለው ቀጠሮሽ መቼ ነው? ሙቀት መለኪያውን ቡሬ ካጣሽው ከማርቆስ ገዝቼ በመኪና እልክልሻለሁ።