ለኤምአርአይ ማተብ መፍታት ክህደት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። እናቴን የወገብ ሕመም እግሯን እያደነዘዘባት ሐኪም ኤምአርአይ አዘዘላት። በቀጠሮዋ ቀን ባለሙያው «መስቀልዎንም ማተብዎንም አውልቀው ይግቡ» ሲላት «ማተቤን በጥሼማ አልታከምም» ብላ ጥላ ወጣች። ጎረቤቶችም «ደግ አደረግሽ» አሏት። አሁን ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ቤት ተኝታለች። ብትፈታው ሃይማኖቷን መካድ ይሆንባታል?

መልስ፦ አይሆንባትም፣ እኅቴ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ሌላ ቀጠሮ እንዳያልፍባችሁ ነው።

እናትሽን ግን አትቆጫት። ለማተቧ እንዲህ የምትቆም ሴት ልትመሰገን ይገባታል። ይህን ጥያቄ ከከዚራም ከደቻቱ ማዶም ደጋግመው ያመጡልኛል። ሁልጊዜ ከሥሩ የማገኘው አንድ ስሕተት ነው፤ ሰዉ በአሳዳጅ ፊት የሚበጠሰውንና በሐኪም ፊት የሚወልቀውን ማተብ አንድ ያደርጋቸዋል። አባቶቻችን አንገታቸውን የሰጡት «ክርስቶስን ካድ» ባላቸው ሰው ፊት ነው። የኤምአርአይ ባለሙያ ግን ማንን እንደምታመልክ አልጠየቃትም። እሱ የፈለገው ብረቱን ነው። ጉትቻዋንም፣ ቀለበቷንም፣ የፀጉር ሽቦዋንም አውልቂ ይላታል። ከእሷ ቀጥላ የምትገባውን ሙስሊም እናትም እንዲሁ ይላታል።

ነገሩ የማግኔት ነገር ነው። ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ብዙዎቹ ማሽኖች 1.5 ቴስላ ጉልበት አላቸው፤ ይህ ምድር ካላት የማግኔት ኃይል 30,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ምስል በማያነሣበት ሰዓትም ማግኔቱ አይጠፋም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱን ከማሽኑ አልጋ ሊያስነሣ ገባ። አንገቱ ላይ ለስፖርት የሚያደርገው ከባድ የብረት ሰንሰለት ነበር። ማሽኑ ስቦ ወሰደው፤ በማግስቱ ሞተ። ሰውየው አስታማሚ እንጂ ታማሚ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩ አንቺንም ይመለከታል።

የእናትሽ መስቀል ትንሽ ናት፤ ንጹሕ ብር ከሆነች ማግኔቱ አይስባት ይሆናል። ግን ብር ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ብር አይደለም። የማይሳበውም ቢሆን ሞቆ ቆዳ ሊያቃጥል፣ ምስሉንም ሊያበላሽ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቁኝ «እሺ፣ አወለቅሁ» ብለው መስቀሉን ሹርባ ውስጥ የሚሸጉጡት፣ መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው የሚገቡት ናቸው። ይህ ሊረዳን የቆመን ሰው መዋሸት ነው፤ እምነት ብዬ አልጠራውም። ክታብ በቆዳ አሰፍቶ ብብቱ ሥር የሚደብቅም አለ። የክታብን ነገር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ ብዙ የምለው አለኝ።

ጠቢቡ «ምሕረትና እውነት ከአንተ አይራቁ፤ በአንገትህ እሰራቸው፥ በልብህ ጽላት ጻፋቸው» ይላል (ምሳ. 3፥3)። እናትሽ በአንገቷ ያሰረችው በልቧ ለተጻፈው ምልክት ነው። ክሩ ለአንድ ሰዓት ቢወርድ ያንን ጽሕፈት የሚፍቀው የለም። በ80 ቀኗ የተቀበለችው ጥምቀት ከክሩ ጋር አብሮ አይወልቅም። «ማተቧን ካወለቀች ሰይጣን ይገባባታል» የሚሉ ጎረቤቶች እግዚአብሔርን ከክር አሳንሰውታል። መምህሩ ነው ያለው ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው።

ስለቷንም ታድርስ፤ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ያድርሳት። ግን ቅዱስ ገብርኤል ሐኪም ጥላችሁ ኑ አላለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ማተቧ በሩ ላይ በጥድፊያ በመቀስ አይቆረጥ፤ የእናቶች ልብ የሚሰበረው እዚያ ነው። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ፣ ተረጋግታ አቡነ ዘበሰማያት ደግማ ራሷ ትፍታው። በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ያዢላት፤ አንቺም ውጪ ሆነሽ ጠብቂያት። ባዶ አንገት ከከበዳት፣ መስቀልም የሚያብረቀርቅ ጥለትም የሌለው የጥጥ ክር ይፈቀድ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ። አይሆንም ካለ አይሆንም።

በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ እናቶች ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው። እሱን ማንም ፋቂ አይላትም፤ ካላት ግን ትንገራቸው። አንዳንዱ ቀለም ብረት ስላለበት አልፎ አልፎ ይሞቃል። ካቃጠላት በእጇ የሚሰጧትን መጥሪያ ትጫን።

ሰውነት ውስጥ ያለ ብረት ደግሞ በምንም ምክንያት አይደበቅ። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በቀዶ ጥገና የገባ ብረት፣ በጦርነት የቀረ ፍንጣሪ፣ ሁሉም ይነገር። እዚህ ድሬ በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ሲሞርዱ የኖሩ አባቶች አሉን። ዓይናቸው ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብትኖር ማግኔቱ አንቀሳቅሶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ኩላሊቱን የሚያመውም ሰው፣ ምስሉ እንዲጎላ የሚሰጠውን መርፌ ከመወጋቱ በፊት ይናገር።

ማሽኑ ውስጥ ድምፁ ቆርቆሮ የሚደበድብ ያህል ነው፤ የጆሮ መድፈኛ ይሰጧታል። ጸሎቷን በልቧ ታድርግ። ደንግጣ እጇን አንሥታ ካማተበች ምስሉ ይደበዝዝና እንደገና ይነሣል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን ሳትንቀሳቀስ በልቧ ትበል፤ 41 ሞልታ ካላለቀ ደግሞ ከአንድ ትጀምር።

ስትወጣ ማተቧን መልሳ ለማሰር የግድ ቄስ አያስፈልግም፤ ራሷ ትሰረው። የንስሐ አባቷ ቢባርኩላት ደስ የሚላት ከሆነ ግን ውሰጃት፤ ከሕክምናው በፊትም ቢያናግሯት ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት ደውለሽ ቀጠሮውን አስመልሺ። እግር እያደነዘዘ የመጣ የወገብ ሕመም እስከ ታኅሣሥ የሚቆይ አይደለም።