ዲዲቲ የተረጨ የግድግዳ ጭቃ እና የጓሮ እንቁላል

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐዋሳ፣ ቱላ ነው። በወባ ርጭት ዘመን ግድግዳው ዲዲቲ ሲረጭ የኖረ የጭቃ ቤታችንን አፍርሰን ፍርስራሹ ላይ ዶሮ ለቀናል። እንቁላሉ ካንሰር ያመጣል ተባልኩ። ዶሮዎቹ ግን ደህና ናቸው፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው። ለልጆቼ ልስጣቸው?

መልስ፦ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ለልጆችዎ አይስጧቸው፤ ለገበያም አያውጡት። ዲዲቲ ስብ ውስጥ እየተጠራቀመ የሚቆይ ኬሚካል ስለሆነ ዶሮዋ ሳትታመም በአስኳሏ ታወጣዋለች። ቅርፊት እየሳሳ የሚሰበረው እንደ ንስር ያሉ አዳኝ ወፎች ላይ ነው፤ ዶሮ በዚህ በኩል ብዙም አትነካም። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም።

ካንሰር የማምጣት አቅም የሚፈተነው ብዙውን ጊዜ በአይጥ ነው። 3 ቡድኖች ኬሚካሉን በተለያየ መጠን ይመገባሉ፣ አንድ ቡድን ግን ኬሚካሉ አይሰጠውም። በየቡድኑ ቢያንስ 50 ወንድና 50 ሴት አይጦች ለ2 ዓመት ገደማ ቆይተው የውስጥ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዲዲቲ የበሉት ላይ የጉበት ዕጢ ታይቷል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ውስን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2015 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው። የእርስዎ እንቁላል ምን ያህል እንደሚያሰጋ የሚታወቀው መጠኑ ሲለካ ብቻ ነው።

ለመለካት ዶሮዎቹ ከሚጭሩበት ቦታ፣ ከላይ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ ከ15 ነጥብ አፈር ይውሰዱ። ደባልቀው ግማሽ ኪሎ ያህሉን በንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ያድርጉ፤ ክዳኑ ሥር የአሉሚኒየም ፎይል ያስገቡ። ፌስታል አይጠቀሙ፤ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ነገር የመመርመሪያውን መሣሪያ ያሳስታል። ከተለያዩ ዶሮዎች የተሰበሰበ 10 እንቁላልም ከአፈሩ ጋር ለምርመራ ይላኩ። ምርመራው ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለ፣ ኬሚካሎችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ ስለሚሠራ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚቀበል በክፍለ ከተማዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ በእንቁላል ውስጥ ላለ ዲዲቲ ያስቀመጠው ወሰን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። ሰው በቀን ሊታገሠው ይችላል የሚባለው በኪሎ ክብደቱ 0.01 ሚሊግራም ስለሆነ ለ15 ኪሎ ልጅ 0.15 ሚሊግራም ይሆናል። ወሰኑ ላይ ያለ 50 ግራም እንቁላል 0.005 ብቻ ይይዛል። በኪሎ 2 ሚሊግራም ከተገኘ ግን አንዱ እንቁላል 0.1 ነው፤ ሁለት የበላ ልጅ አልፎታል።

በአፈሩ ውጤት ላይ ዲዲኢ የሚለውን ይፈልጉ፤ ዲዲቲ ሲያረጅ ወደ እሱ ይለወጣል። ዲዲኢ ከበለጠ ብክለቱ የቆየ ነው። ዲዲቲ ከበለጠ ግን አዲስ ርጭት አለ ብለው አይቸኩሉ፤ ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ግድግዳ ላይ ሳይለወጥ ብዙ ዓመት ይቆያልና ፍርስራሹ ራሱ ሊሆን ይችላል። በቆሎ ላይ የተባይ ማጥፊያ ዱቄት የሚነሰንስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን መጀመሪያ ዱቄቱን ይጠርጥሩ።

ውጤቱን ሳይጠብቁ ዶሮዎቹን ከፍርስራሹ ያርቁ። መሬቱ የተለሰነ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹሕ አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የተደፋበት አጥር ይሥሩላቸው፤ መኖውንም መሬት ላይ አይበትኑ፣ በመመገቢያ ይስጡ። ጭቃውን የሚያነሳው ሰው ውሃ አርከፍክፎ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ይሥራ። ወደ ኮምፖስትም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይም አይጣል፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ይቆይና ምን እንደሚደረግበት ጽሕፈት ቤቱን ያማክሩ።

አሮጌዎቹ ዶሮዎች ስባቸው ውስጥ ያለውን በእንቁላል እያወጡ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ። ከ10 ሳምንት በኋላ እንደገና ያስመርምሩ፤ ካልወረደ በቄብ መተካት ይቀላል። አሮጌዎቹን ግን ለሥጋ አይሽጧቸው። ቦታው ላይ ዝኩኒም አይትከሉ፤ ዲዲኢን ከአፈር በመሳብ ከአብዛኛው አትክልት ይብሳል።